በወይኑ ማሳ ዳር የተወጠረ ሽቦ

ክፋት ብዙ ዕቃ አይፈልግም፤ ለዚህኛው ሰባት ሜትር ሽቦ በቅቶታል። አንደኛው ጫፍ በጋሽ አዳነ የወይን ማሳ አጥር ላይ፣ ሌላኛው ከመንገዱ ማዶ ባለው ግራር ላይ ታስሯል። ከፍታው ከጉልበት በታች ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ረገጥ አድርጎት ያልፋል። ከዳገት ቁልቁል የሚወረወር ባለ ብስክሌት ግን በዚያ የንጋት ጭላንጭል አያየውም።

ሔዋንም አላየችውም።

ሔዋን የመርሳ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አስራ ዘጠኝ ነው፤ እናቷ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላት። አገሩ የሚያውቃት ግን በሱቁ ሳይሆን በእግሯ ነው። አስፋልት ላይ ሳይክል የሚነዳ ሞልቷል። ያንን ድሮ እሳተ ገሞራ ተፍቶት የሄደ ጥቁር የድንጋይ ኮረብታ በኮረኮንቹ ወጥታ፣ አቧራውን እየጠጣች፣ በወይንና በፓፓያ ማሳ መሃል ቁልቁል የምትወርድ ሴት ግን ከእሷ ሌላ አንዲት ብቻ ናት፤ የወልድያዋ ሊያ። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከሐራ ተነስቶ መርሳ የሚገባ የኮረኮንች ውድድር አለ። አንደኛ የወጣችው አዲስ አበባ ሥልጠና ትገባለች። ያለው አንድ ቦታ ነው። እንግዲህ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሔዋን በሽቦው ተጠልፋ ተገለበጠች፤ ብስክሌቷም ተሰረቀ።

ኢንስፔክተር ብዙነሽ መንገዱ ላይ ተንበርክካ ሽቦውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ከደሴ ወደ ሀብሩ ወረዳ ፖሊስ ከተዛወረች ሦስት ወሯ ነው። ሥራዋን ትወዳለች፤ ጫማዋን ደግሞ ከሥራዋ ባልተናነሰ ትወዳለች።

«ጉዳዩ አልቋል ማለት ይቻላል» አለ ሳጅን ቢኒያም ከኋላዋ። «ልጅቷን ተሸክሞ ክሊኒክ ያደረሳት ሚስባህ የሚባል የፓፓያ ገበሬ ነው። ማሳው ከወይኑ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራ ነበር ስለው፣ ውሃ አጠጣ ነበር፣ ተራዬ ነው አለኝ። የውሃ ማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ግን የሐሙስ ንጋት ተራ የአቶ አዳነ ነው። ዋሽቷል።»

«ሌባ ከሆነ ለምን ተሸክሞ አደረሳት?»

«እንዳይጠረጠር ነዋ።»

«ሳይክሉንስ? አንድ እጁ ላይ ልጅቷን፣ አንድ እጁ ላይ ሳይክሉን?»

ቢኒያም ማስታወሻውን ገለጠና የሚነበብ ነገር ሲያጣበት መልሶ ከደነው።

ብዙነሽ ተነስታ ወይኑ ውስጥ ገባች። በሐረጎቹ መሃል ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰች፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ወደ ፓፓያው ተሻገረች፤ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ግራ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ቀረ።

«በስመ አብ» አለች። ትናንት ነበር ያስወለወለችው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሔዋን አገጯ ተሰፍቶ፣ ክርኗ ተጠቅልሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ብዙነሽን ስታይ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ወንጀለኛው አልነበረም።

«ኢንስፔክተር፣ ለቅዳሜ ይገኛል አይደል?»

«መጀመሪያ ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ንገሪኝ።»

«አገጬን ሰፍቶልኛል። በአገጬ አልነዳም።»

ብዙነሽ ሳቋን ዋጠች። «ሌላ ሳይክል ተበድረሽ አይሆንም?»

«ለኮረኮንች የተሠራ፣ ጎማው ሰፊ የሆነ፣ ክለባችን ያለው ሁለት ነው። አንዱ የኔ፣ አንዱ የሊያ። በተራ ሳይክል ጥቁሩን ኮረብታ ልውጣ ብል መሃል ላይ ይቀራል።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወዲያው ጠረገችው። «አራት ዓመት ነው የለፋሁት። ይቺ ቅዳሜ ካለፈች እኔም ሱቅ ቁጭ ብዬ ስኳር እየመዘንኩ ነው የምቀረው።»

«ምን አየሽ?»

«ራሴ ዞሮብኝ ነበር። ጋቢ የተከናነበ ሰው ሳይክሉን ሲያነሳ አየሁ። ከዚያ ሚስባህ መጥቶ ተሸከመኝ።»

በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ዓለምነህ ነው፤ የወልድያ መካኒክ፣ የክለቡን ብስክሌቶች የሚጠግን፣ የሊያ ታላቅ ወንድም። በወጣትነቱ እሱም ተወዳዳሪ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሔዋንን ልምምድ ለማየት በሞተር ይመጣል። ፊቱ ጠቁሯል፤ ቆቡን በእጁ ያሻል።

«ዛሬ በየት በኩል መጣህ?» አለችው ብዙነሽ።

«በታች መንገድ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦዩ ዳር ስደርስ ጋሽ አዳነ ወይናቸውን ያጠጡ ነበር። አካፋቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ። ከዚያ ኮረብታው ላይ ብጠብቃት ብጠብቃት ቀረች።»

«ሚስባህንስ አይተኸዋል?»

«ኧረ አላየሁትም። እሱ በሰው ተራ እዚያ ምን ሊሠራ?»

ቃሉ ከሰሌዳው ጋር ልክክ አለ። ጋሽ አዳነን ለመጠየቅ ቤታቸው ሰው ተላከ፤ ተዘግቷል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ጎረቤት ጉባ ላፍቶ ደጋ ዘመድ ዘንድ መሄዳቸውንና ነገ እንደሚመለሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስልካቸው አይሠራም።

«እሳቸውም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም» አለ ቢኒያም መኪናው ውስጥ። «ከሁለት ሳምንት በፊት ሳይክሎቹ ቦዬን አፈረሱብኝ ብለው ቀበሌ ከሰዋል። ሽቦውም የአጥራቸው ነው።»

«ወይናቸውን እያጠጡ አካፋ ያነሱ ሰውዬ፣ ያኔውኑ ከላይ መንገድ ላይ ጋቢ ተከናንበው ሳይክል ይሰርቃሉ?»

«እሱስ አይሆንም። እንግዲያው ሚስባህ ነዋ።»

ሚስባህ ጣቢያው ውስጥ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ ተቀምጧል። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። ዝምታው ግን የሽማግሌ ነው።

«የሐሙስ ንጋት ውሃ የማን ነው?»

«የኔ ነበር።»

«ሰሌዳው የአዳነ ነው ይላል።»

«ሰሌዳው ያለውን ብሏል፣ እኔም ያልኩትን ብያለሁ።»

«ሰርቀህ ነው ያጠጣኸው?»

«ወላሂ፣ የሰው ውሃ ሰርቄ አላውቅም። ጋሽ አዳነ ይምጡ። እሳቸው ሳይመጡ ስለ ውሃው አንድ ቃል አልጨምርም።»

«ስለ ሌባውስ?»

ፊቱ ተፈታ። «ስትወድቅ ድምፁን ሰምቼ ሮጥሁ። ጋቢ የተከናነበ ሰው ሳይክሉ ላይ ወጥቶ ወደ ኮረብታው ነዳው። አንድም ቦታ ሳይወርድ ነው ዳገቱን የወጣው፤ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ቆሞ እየረገጠ።»

ቢኒያም ሳቀ። «እንዲህ የሚነዳ ሌባ ከየት መጣ?»

ብዙነሽ አልሳቀችም። ሚስባህ ግን ወደ እሷ ዞሮ፣ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አለ።

«ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ እዚህ ብቀመጥ ግድ የለም። ሳይክሉን ፈልጉላት፣ ቅዳሜ ደርሶባታል።»

ብዙነሽ የእስር ወረቀቱን ሳትወድ ፈረመች። ውሸታም አይታለች፤ ውሸታም ደግሞ ቶሎ ብሎ ምክንያት ይደረድራል። ይህ ሰው ምክንያት እያለው የደበቀ ይመስላል። ለማን ብሎ ነው የሚደብቀው?

አርብ ጠዋት ተራ ሳይክል ተከራይታ ቢኒያምን ኮረብታው ሥር አቆመችው።

«ውጣ።»

«እኔ?»

«ሚስባህ ዋሽቷል ብለሃል። በል ማንም ሰው እንደሚወጣው አሳየኝ።»

ሳጅኑ ሸሚዙን ሰብስቦ ወጣ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አላለፈም፤ ጎማው ጥቁሩ ጠጠር ላይ ተንሸራተተና ከነማስታወሻው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። መጎዳቱን ከመጠየቋ በፊት እንደ መሳቅ ብላለች፤ ይቅር ይበላት። ከዚያ ኮረብታውን በእግሯ እየወጣች አሰበችው። ይህን ዳገት ቆሞ የሚወጣው ልምድ ያለው ሰው ነው። ሊያ ሐሙስ ንጋት ከስምንት የክለቡ ልጆች ጋር ወልድያ ልምምድ ላይ ነበረች፤ ስምንቱም መስክረዋል። ዓለምነህ መንዳት ይችላል። ነገር ግን እሱ በታች መንገድ ነበር፤ አዳነም አካፋ አንስተው ሰላም ብለውታል። በየዞረችበት እዚያው አካፋ ላይ ትመለሳለች።

ሽቅብ ቁልቁል ስትል እኩለ ቀን ሆነ። ከመርሳ የጁምዓ አዛን ይሰማል። ወደ ወይኑ ስትወርድ ግን እግሯ ቆመ። ቦዩ ሞልቶ ውሃው ወደ ወይኑ እየገባ ነው። ጭቃው መሃል አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ጠቅልለው አካፋ ይዘዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ አዳነ አንቱ ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነኝ። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

«ፖሊስ ነኝ።» የሰሌዳውን ግልባጭ ከኪሷ አወጣች። «ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው የዛሬ ተራ የሚስባህ ነው ይላል።»

«በወረቀት አዎ። ግን ዛሬ አርብ አይደለም እንዴ ልጄ? እሱ ሲሰግድ ውሃው ሜዳ ለሜዳ ይፍሰስ? ለኔ ይለቅልኛል። ማርያም ስትሆን፣ ሚካኤል ሲሆን ደግሞ እኔ አካፋ አልነካም፤ የኔን እሱ ያጠጣል። ከአባቶቻችን የመጣ ነው።»

ብዙነሽ ከግልባጩ ቀና አለች። «ትናንት እኮ…»

«ትናንት ማርያም አልነበረች? እኔማ ረቡዕ ማታ ነው ለጽዋው ጉባ ላፍቶ የወጣሁት። አሁን መድረሴ ነው።»

ማርያም መሆኗን ብዙነሽ አጥታው አይደለም፤ ሐሙስ ጠዋት ስትለብስ ቅዳሴው ከደብሩ ይሰማት ነበር። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን የበዓል ቀን የውሃ ተራ እንደሚያሻግር በምን ያውቃል? የወይኑ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ ፓፓያው ጫማዋን ውጦ ሲያስቀር እንኳ አልገባትም። በራሷ ተናደደች።

«ሚስባህ ታስሯል» አለቻቸው።

አካፋው ከእጃቸው ወደቀ። «ምን አድርጎ?»

«ሔዋንን በሽቦ ጥለህ ሳይክሏን ሰርቀሃል ተብሎ። ተራው የኔ ነበር ይላል፤ ምክንያቱን ግን አልናገርም ብሏል።»

ሽማግሌው ቦዩ ዳር ተቀመጡ። «ለኔ ብሎ ነው። ማኅበሩ ተራውን ለሌላ ያሳለፈ አንድ ወር ውሃ ይነሳል ብሎ ደንብ አውጥቷል። ወይኔ አሁን ፍሬ ይዟል፤ አንድ ወር ከተጠማ አለቀለት። ያ የተባረከ ልጅ ይህን አስቦ ነው አፉን የዘጋው።»

«እሱን ለመፍታት ይህን መጻፍ አለብኝ፣ ጋሽ አዳነ።»

«ጻፊው። ወይን ቢደርቅ ይተከላል። እሱ ታስሮ ወይኔ ቢያፈራ በየት በኩል ሊጣፍጠኝ ነው?»

ጻፈችው፤ እሳቸውም ፈረሙበት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጣቢያ ተጠርቶ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና አንገቱን አከከ። «እንግዲህ በዚህ ደንብ ከሄድን» አለ፣ «መጀመሪያ ውሃ የምነሳው እኔ ነኝ። ባለፈው ሚካኤል የኔን ያጠጣልኝ የሚስባህ አጎት ነው።» ሚስባህም ጭቃው እንደደረቀበት ወደ ቤቱ ሄደ።

ለብዙነሽ የቀራት አንድ ጥያቄ ነው። ረቡዕ ማታ ደጋ የወጣ ሰው ሐሙስ ንጋት መርሳ ላይ አካፋ አንስቶ ሰላም አይልም። ዓለምነህ በየሐሙሱ እዚህ ስለሚያልፍ በየሐሙሱ አዳነን ከወይናቸው ያያል፤ ለዚህም ጊዜ ምስክር አድርጎ ጠራቸው። ከተማ ውስጥ ማርያም ሆነ ሚካኤል ጋራዥ ይከፈታል። መካኒኩ በዓሉን በራሱ ልማድ ለካው።

አስር ሰዓት ሳይሞላ ወልድያ ገባች። ዓለምነህ ጋራዡ ውስጥ የሊያን ብስክሌት ለነገ ያስተካክላል፤ ሊያም አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታጸዳለች።

«አንድ ነገር ላረጋግጥ ነው» አለች ብዙነሽ። «ጋሽ አዳነ ትናንት ምን ለብሰው ነበር?»

«ያው የሥራ ልብሳቸውን።»

«አካፋውን በየትኛው እጃቸው ነው ያነሱት?»

«በቀኝ… በቀኝ መሰለኝ።»

«ትናንት ምን ቀን ነበር?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ብቻ?»

የዓለምነህ እጅ ቁልፉ ላይ ቀረ። ሊያ ከጫማዋ ቀና ሳትል፣ «ማርያም ነበረች እንጂ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን አድራ መጥታ አይደል ጸበል ያመጣችልን» አለች።

«ገበሬ በማርያም ወይን ያጠጣል?» አለች ብዙነሽ። «አቶ አዳነ ትናንት ንጋት ጉባ ላፍቶ ነበሩ። ስምንት ሰው አብሯቸው ጽዋ ጠጥቷል።»

ሊያ ቀስ ብላ ተነሳች። የወንድሟን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ሃያ ዓመት ያየችው ፊት ነው፣ ማንበብ አልከበዳትም።

«ዓለም፣ ሳይክሉ የት ነው?»

«ሊያዬ…»

«ሳይክሉ የት ነው?»

ትልቁ ሰውዬ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «አራት ዓመት ሁለተኛ። በግማሽ ጎማ ሁለተኛ። በአንድ ክንድ ሁለተኛ። ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ዘንድሮ ካለፈሽ ዕድሜሽም አይፈቅድልሽ። ልጅቷ እንድትጎዳ አልፈለግሁም። ወደቅ ስትል ሳይክሉን ብቻ…»

«ሽቦ ወጥረህ እንዳትጎዳ?» አለች ብዙነሽ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጠነከረ። «አገጯን ነው የሰፏት። አንገቷ ሊሆን ይችል ነበር። ንጹሕ ሰውም አሳስረሃል።»

ሊያ እያለቀሰች ነው፤ ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ሔዋን የሌለችበት መንገድ ላይ አንደኛ ወጥቼ ምን ልባል? አሁን ተነስ። ሳይክሉን አምጣ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥቁሩ ኮረብታ ላይ ደረሱ። ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መሃል ብስክሌቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰንሰለቱ ዘይት ተቀብቷል። መካኒክ ነውና ሰርቆም ቢሆን በአቧራ ሊተወው አንጀቱ አልቻለም። ብዙነሽ ይህን ስታይ አዘነችለት፤ ካቴናውን ግን አላላላችም።

የፊት ጎማው ከውድቀቱ ትንሽ ተጣሟል፤ ኮረብታውን ቢያወጣም ለውድድር አይሆንም። ይህን ጎማ ለነገ ጠዋት የሚያቃና እጅ ደግሞ በአካባቢው አንድ ብቻ ነው። ሔዋን ጣቢያው ግቢ ድረስ መጥታ ነበር፤ ብዙነሽ አየቻት።

«አንቺ ነሽ ወሳኟ።»

ሔዋን የተሰፋ አገጯን ነካች። «ይሥራው» አለች በመጨረሻ። «ግን ሊያ ትየው።»

ካቴናው ተፈታለት። ዓለምነህ በሁለት ፖሊስ መሃል ቁጭ ብሎ ጎማውን እያሽከረከረ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቀ አቃናው። ሲጨርስ ሊያ ተረከበችው፤ ፍሬኑን ጨበጠች፣ ጎማውን አዞረች፣ እያንዳንዱን ብሎን በጣቷ ነካች። ከዚያ ብስክሌቱን ለሔዋን አስያዘቻት።

«ነገ አልራራልሽም» አለቻት።

«እንዳትራሪልኝ» አለች ሔዋን።

ቅዳሜ መርሳ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ባጃጆቹ ዳር ተሰልፈዋል፣ ሚኒባሶቹ ጣሪያቸው ላይ ሰው ጭነዋል፣ ከሀብሩ ገጠር የመጣው ገበሬ ግራና ቀኙን ሞልቶታል። ብዙነሽ በተወለወለ ጫማ መጨረሻው መስመር ላይ ቆማ ሕዝቡን ወደ ኋላ ትላለች፤ ሕዝቡ አንድ እርምጃ ይሸሻል፣ ሁለት ይመለሳል። ከኮረብታው በስልክ የሚደርሰውን ቢኒያም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሊያ ቀድማለች፤ ሔዋን ደርሳባታለች፤ ወይኑ ጋ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጋሽ አዳነና ሚስባህ እየጮኹ አብረው እየሮጡ ነው።

መጀመሪያ የታየው አቧራው ነው። ከዚያ ሁለት ራስ። ሊያ በግማሽ ጎማ ትመራለች፤ ጥርሷን ነክሳለች፣ ምንም አላስቀረችም። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ሔዋን ከመቀመጫዋ ተነሳች። የክርኗ ነጭ ፋሻ ከመሪው በላይ ብቅ ጥልቅ ይላል። መቶ ሜትር ላይ እኩል ሆኑ። ሃምሳ ላይ ብዙነሽ ሕዝቡን መግፋቷን ተወች። ከመስመሩ አሥር ሜትር ሲቀር ሔዋን ያላትን ሁሉ ረገጠችው፤ ብስክሌቱ ከሥሯ ወደ ፊት ዘለለ። በአንድ ሙሉ ጎማ ቀድማ ገባች።

ሊያ ተከትላት ገብታ ብስክሌቷን ጣለችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም በአቧራ ነጭ ሆነዋል፤ ማን እንደምታለቅስ፣ ማን እንደምትስቅ አይለይም። የሔዋን እናት ሕዝቡን ሰንጥቃ ገባች። «አዲስ አበባ!» እያለ ይጮኻል ሕዝቡ፤ «አዲስ አበባ ገባች!»

ከመስመሩ ዳር አንዲት ሴት ከሁሉም በላይ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰዉ ዞሮ አየ።

«ኢንስፔክተር» አለ ቢኒያም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ዩኒፎርም ለብሰዋል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና እልልታዋን ቀጠለች።